ዘበኛው ራሱ በር ሲከፍት፦ የኤች አይ ቪ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ እዚህ ፍራንክፈርት ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ የማከብራቸው አንዲት እናት ጠጋ ብለው በእጅ የተጻፈ ወረቀት አሳዩኝ። አዲስ አበባ ያለው የእህታቸው ልጅ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መኖሩን ካወቀ ጥቂት ወራት ሆኖታል። መድኃኒቱን ጀምሯል፤ ተስማምቶታልም። ነገር ግን አንድ ነጋዴ «ኢሚዩኒቲ የሚጨምር» እንክብል ከአውሮፓ ቢመጣለት በሽታው ጨርሶ እንደሚለቀው ነግሮት፣ የእንክብሉ ስምና ዋጋ በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። «ልጄ፣ አንተ ተምረሃልና ንገረኝ» አሉኝ፤ «ወታደሩ ከበዛ ጠላት ይሸነፍ የለም እንዴ?»

እኔ የቁጥጥር ሥርዓት መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይህንኑ ነግሬያቸው፣ ልጁ ከሐኪሙ የተሰጠውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ፣ ገንዘቡን ግን ለቤት ኪራይና ለምግብ ቢልኩለት እንደሚሻል ብቻ መልሼ ተለያየን። ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ብዙዎቻችን፣ ዲግሪ የጫንነውም ጭምር፣ ስለ ሰውነት መከላከያ የምናስበው ልክ እንደ እሳቸው ነው። እንደ ውኃ ጋን እናየዋለን፤ ከሞላ ጥሩ፣ ከጎደለ መጥፎ። በኮሮና ጊዜ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የተወደዱት በዚሁ ስሌት ነበር። ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ስለ ኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ቀናት የተገኘው እውቀት ግን ይህን ስሌት ገልብጦታል። ቫይረሱ የሚያሸንፈን ዘበኞቻችን ስላነሱ አይደለም። ዘበኞቹ የሚሠሩትን ትክክለኛ ሥራ ለራሱ ጉዳይ ስለሚያውለው ነው።

ነገሩን ከዚሁ ከከተማችን ብንጀምረው ያምራል። ከማይን ወንዝ በስተደቡብ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አጠገብ፣ በፓውል ኤርሊኽ ስም የተሰየመ መንገድ አለ። ኤርሊኽ ከ1899 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1915 ድረስ ምርምሩን ያካሄደው በዚህች ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዩሮ ከመምጣቱ በፊት ጀርመን የኖረ ሰው መልኩን ያውቀዋል፤ 200 ማርክ ኖት ላይ የነበረው መነጽር ያደረገው ጺማም ሰው እሱ ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማትን ሲቀበል ግን ብቻውን አልነበረም። በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ይሠራ ከነበረው ከኢሊያ ሜችኒኮቭ ጋር ተካፍሎታል። አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ያለውን የጤና ምርምር ተቋም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ብሎ ስለሚጠራው፣ እኛ የፍራንክፈርት ሐበሾች ሁለቱንም ወገኖች በአድራሻ እናውቃቸዋለን ማለት ነው።

ወገን ያልኩት በእርግጥም ሁለት ወገን ስለነበሩ ነው። ሜችኒኮቭ በ1882 ሜሲና፣ ሲሲሊ ውስጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰውነት ባለው የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ወግቶ አደረ። በማግሥቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበው ሊውጡት ሲታገሉ አየ። ሰውነትን የሚጠብቁት እነዚህ በላተኛ ሕዋሳት ናቸው አለ። ኤርሊኽ ደግሞ፣ የለም፣ ጠባቂው በደም ውስጥ የሚሟሟ፣ ከጠላቱ ጋር እንደ ቁልፍና ቁልፍ ጉድጓድ የሚገጥም ንጥረ ነገር ነው ባይ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ትክክል እንደነበሩ እናውቃለን። የሜችኒኮቭ ሠራዊት አብሮን የሚወለደው መከላከያ ነው። በየበሩ የቆመ፣ የጠላትን ስም የማያውቅ፣ ግን «ይህ ነገር እዚህ ቦታ መገኘት አልነበረበትም» ብሎ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ የሚነሣ። የኤርሊኽ ሠራዊት እየተማረ የሚያድገው መከላከያ ነው። ጠላቱን ለይቶ ያጠናል፣ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታል፣ አይረሳምም፤ ለመድረስ ግን ሳምንታት ይፈጅበታል። (አንድ የታሪክ ምፀት ልጨምር። ኤርሊኽ ገና ወጣት ሳለ በቀለም ነክሮ ለዓለም ያስተዋወቃቸው ማስት ሴልና ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ሕዋሳት የሜችኒኮቭ ወገን ናቸው።)

በኤች አይ ቪ ረገድ የኤርሊኽ ሠራዊት ታሪክ አጭር ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በተለመደው ምርመራ የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል የሚደርሰው ቫይረሱ ከገባ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዋናው ውጊያ አልቋል።

ውጊያው እንዴት እንደሚጀመር እንመልከት። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ እጅግ ብዙ የቫይረስ ቅንጣቶች በብልት ስስ ሽፋን ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። አብዛኛዎቹ ከንቱ ሆነው ይቀራሉ። በ2008 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ገና በቅርቡ የተያዙ 102 ሰዎች ደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ ዘረ መል መርምሮ፣ ከአራቱ በሦስቱ ያህል ኢንፌክሽኑ የተጀመረው ከአንድ ነጠላ ቫይረስ መሆኑን አሳየ። አንድ! አጥሩ ጥብቅ ነው ማለት ነው። ከዚያም ለአሥር ቀናት ገደማ በየትኛውም የደም ምርመራ አይታይም። ሐኪሞች ይህን ጊዜ የግርዶሽ ዘመን ይሉታል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በየዕለቱ እየተባዛ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አካባቢ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ያተኩሰዋል፤ ጉሮሮውን ያመዋል፤ ሽፍታና ንፍፊት ይወጣበታል። በሀገራችን «ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ይህ ነው።

ጥያቄው እንግዲህ በእነዚያ በማይታዩት አሥር ቀናት ውስጥ ዘበኞቹ ምን ያደርጉ ነበር የሚለው ነው።

ከዘበኞቹ ሁሉ ንቁው ዴንድሪቲክ የሚባለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ሕዋስ ነው። ራልፍ ስታይንማን በ1973 ኒው ዮርክ ውስጥ ለይቶ ያወቀው፣ በ2011 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዚሁ ነው፤ ሽልማቱ ሊነገር ሦስት ቀን ሲቀረው አረፈ። የዴንድሪቲክ ሕዋስ ሥራ እንግዳ ነገር ሲያገኝ ይዞ፣ ወደ ቅርቡ ንፍፊት ተጉዞ፣ እዚያ ለተሰበሰቡት ቲ ሕዋሳት «ይህን አገኘሁ» ብሎ ማሳየት ነው። ለማንኛውም ጀርም ይህ ሞት ነው። ለኤች አይ ቪ ግን ነፃ ታክሲ ነው፤ ምክንያቱም ሊደርስባቸው የሚመኛቸው ሲዲ 4 የሚባሉት ቲ ሕዋሳት ተሰብስበው የሚገኙት እዚያው ንፍፊት ውስጥ ነው። በ2000 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በዴንድሪቲክ ሕዋስ ገጽ ላይ ያለ ዲሲ-ሳይን የተባለ መያዣ ቫይረሱን እንደሚጨብጥና ለቲ ሕዋስ እንደሚያስረክብ በቤተ ሙከራ አሳዩ። ዘበኛው ሌባውን ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው፤ ሌባው ግን ከመጀመሪያው ሊዘርፍ የፈለገው ፖሊስ ጣቢያውን ነበር።

ሁሉም ዘበኛ እንደዚህ ነው ማለት ግን አይደለም። ፓውል ላንገርሃንስ በ1868 በርሊን ውስጥ ገና ተማሪ ሳለ በቆዳ ውስጥ ያገኛቸው፣ በስሙ የሚጠሩ ሕዋሳት አሉ (እሱ ነርቭ መስለውት ነበር)። እነዚህ በቆዳና በብልት ላይኛው ሽፋን ውስጥ ይገኛሉ፤ ላንገሪን በሚባል ሌላ መያዣም ቫይረሱን ይዘው ወደ ውስጥ አስገብተው ይፈጩታል። ይህ በ2007 ሲታወቅ ብዙዎችን አስገርሟል። ነገር ግን የቫይረሱ ብዛት ከአቅማቸው በላይ ሲሆን፣ ወይም ቦታው ቆስሎና ተቆጥቶ ሲያገኛቸው፣ እነሱም ይያዛሉ፤ ያስተላልፋሉም። እንግዲህ ያው ዘበኛ እንደ ሰፈሩ ሁኔታ ወይ ያጠፋል ወይ ያሻግራል።

ለዚህ ነው የወንድ ግርዛት ነገር ከባህል አልፎ የሳይንስ ጉዳይ የሆነው። የሸለፈት ውስጠኛው ገጽ ቫይረሱ ሊይዛቸው በሚችሉ ሕዋሳት የተሞላ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ሦስት ትላልቅ ሙከራዎች ግርዛት ወንዱ ከሴት የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ስላሳዩ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እንደ አንድ መከላከያ መንገድ እንዲወሰድ መክሯል። በኢትዮጵያ ከወንዶች አብዛኛው የተገረዘ ነው። ልማዱ በጣም ዝቅተኛ ከሆነባቸው ቦታዎች ዋነኛዋ ጋምቤላ ናት፤ በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት የሀገሪቱ አማካይ የኤች አይ ቪ ስርጭት 0.9 በመቶ ሲሆን የጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበር። ግርዛት ብቻውን ይህን ልዩነት ያብራራል የሚል ካለ አልስማማም፤ ድንበር፣ ስደት፣ ድህነትና የጤና አገልግሎት ርቀት አሉበት። ነገር ግን በሽፋኑ ሥር ያሉት ሕዋሳት ምክንያት አይደሉም ማለትም አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ሚኒሶታ ያለው የአሽሊ ሃዝ ቡድን በ2009 ያሳተመው ሥራ ለእኔ ከሁሉም በላይ አስተማሪ ነው። የሰውን ቫይረስ በሚመስለው የዝንጀሮ ቫይረስ፣ ኤስ አይ ቪ፣ ሬሰስ የሚባሉትን የእስያ ዝንጀሮዎች በብልት በኩል አጋልጠው በየቀኑ ሁኔታውን ተከታተሉ። ያዩት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። የማሕፀን በር ሽፋን ቫይረሱ ሲነካው የጥሪ ኬሚካል ይረጫል። ጥሪውን የሰሙ ፕላዝማሳይቶይድ የሚባሉ የዴንድሪቲክ ዓይነቶች ይሰበሰባሉ። እነሱም ቫይረስ የሚዋጋውን ኢንተርፌሮን ያመርታሉ፣ መልካም ነው። ግን አብረው ሌላ ጥሪ ይለቃሉ፤ ያ ጥሪ ሲዲ 4 ሕዋሳትን ይስባል። ሲዲ 4 ሕዋስ ደግሞ የቫይረሱ ምግብ ነው። መጀመሪያ ላይ እዚያ ቦታ የነበሩት የተያዙ ሕዋሳት ከማነሳቸው የተነሣ እሳቱ በራሱ ሊጠፋ ይችል ነበር። እርዳታው ሲመጣ እንጨት ይዞ መጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እዚህ ግን ቅጠሉ ራሱ ደረቅ ነው።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላቆሙም። ግሊሰሮል ሞኖሎሬት የተባለ፣ በምግብና በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ የሚገባ ርካሽ ቅባት ነክ ንጥረ ነገር ያንን የጥሪ ሰንሰለት እንደሚያበርድ ያውቁ ስለነበር ለዝንጀሮዎቹ ቀቡላቸው። ዝንጀሮዎቹ ደጋግመው ለከፍተኛ መጠን ቫይረስ ቢጋለጡም አልተያዙም። ቫይረሱን የሚገድል ነገር አልነበረም የተሰጣቸው። ጩኸቱን የሚቀንስ እንጂ። ይህ ለሰው ልጅ መድኃኒት ሆኖ አልወጣም፤ መርሑ ግን ቆሟል።

በእኔ ሙያ ይህ አዲስ አይደለም። ምላሹ ራሱ የሚያርመውን ስህተት የሚያባብስ ከሆነ ሥርዓቱ ይፈነዳል፤ አዎንታዊ ግብረ መልስ እንለዋለን። ማይክሮፎን ድምፅ ማጉያው ፊት ሲቆም የሚሰማውን ጩኸት እያንዳንዱ የሰርግ ታዳሚ ያውቀዋል። መፍትሔው ተጨማሪ ኃይል መስጠት አይደለም፣ ጊዜውንና መጠኑን ማስተካከል ነው። በ2014 የወጣ የዝንጀሮ ጥናት ይህንኑ በኢንተርፌሮን ላይ አሳየ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢንተርፌሮን እንዳይሠራ ሲታገድ እንስሳቱ ፈጥነው ታመሙ፤ ስለዚህ አስፈላጊ ነው። ከመጋለጣቸው በፊት ኢንተርፌሮን ሲሰጣቸው መጀመሪያ ተከላከለላቸው። መስጠቱ ሲቀጥል ግን ሰውነታቸው ለጥሪው ደነዘዘ፣ ቫይረሱም ይብስ በረታ። ያው ንጥረ ነገር፣ በሳምንታት ልዩነት፣ መድኃኒትም መርዝም ሆነ።

ይህን ሚዛን ተፈጥሮ አንዴ ፈትታዋለች፤ የፈታችውም በእኛው ደጅ ነው። ጦጣ የምንላት፣ በወንዝ ዳር ማሳ የምትዘርፈው፣ የአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣዎች ከሚባሉት ወገን ናት። ይህ ወገን ኤስ አይ ቪን ከጥንት ጀምሮ ተሸክሞ ይኖራል። በደማቸው ውስጥ ያለው ቫይረስ ብዛት ኤድስ ከያዘው ሰው ላያንስ ይችላል፤ እነሱ ግን አይታመሙም። ከፍራንክፈርት በኤስ-ባን ጥቂት ደቂቃዎች ተጉዘን በምንደርስባት ላንገን ከተማ የሚገኘው የፓውል ኤርሊኽ ተቋም በራይንሃርት ኩርት መሪነት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህንን ምሥጢር ካጠኑት ቀደምት ቦታዎች አንዱ ነው። (ተቋሙና ጦጣ የቆየ፣ አሳዛኝ ትውውቅም አላቸው። በ1967 ለክትባት ሥራ ከኡጋንዳ በመጡ ጦጣዎች ሳቢያ ማርበርግ፣ ፍራንክፈርትና ቤልግሬድ ውስጥ 31 ሰዎች ታመው 7ቱ ሞቱ፤ የፍራንክፈርቶቹ የተያዙት በዚሁ ተቋም ሥራ ነበር። በ2025 መጨረሻ ጂንካ ላይ የታየው የማርበርግ በሽታ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።)

የጦጣዎቹ መልስ በ2009 ግልጽ ሆነ። ቫይረሱ ሲገባ የጦጣዋም ኢንተርፌሮን ይነሣል፤ ያውም በኃይል። ነገር ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይዘጋል። በእስያው ዝንጀሮና በሰው ላይ ግን ደወሉ ሳያባራ ለዓመታት ይጮኻል። ሰውን የሚያደክመው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን ይህ የማያቋርጥ ንቃት ነው። የጦጣዋ ጥበብ ማብዛት አይደለም፣ ማጥፋት ማወቅ ነው።

ከዚሁ ከላንገን ሌላ ታሪክ ልጨምር። በ2011 በፈረንሳይና በአሜሪካ ያሉ ቡድኖች ዴንድሪቲክ ሕዋሳትና ማክሮፌጆች በኤች አይ ቪ-1 በቀላሉ የማይያዙት ሳምኤችዲ 1 በሚባል ፕሮቲን ምክንያት መሆኑን አገኙ። ፕሮቲኑ ቫይረሱ ዲኤንኤውን የሚገነባበትን ጡብ ከሕዋሱ ውስጥ ያሟጥጥበታል። የላንገን ተመራማሪዎችም በዚያው ዓመት፣ ይህ ፕሮቲን በውርስ የጎደላቸው ጥቂት ሰዎች ሕዋሳት በቫይረሱ በቀላሉ እንደሚያዙ አረጋገጡ። ድል ይመስላል። ነገር ግን በምዕራብ አፍሪካ በብዛት የሚገኘው፣ ሰውን ቀስ ብሎ የሚጎዳው ኤች አይ ቪ-2 ይህን ፕሮቲን የሚያፈርስ መሣሪያ አለው፤ አደገኛው ኤች አይ ቪ-1 ግን የለውም። ለምን? ዘበኛው ቤት ገብቶ ዲኤንኤ የሠራ ቫይረስ የማንቂያ ደወል ይነካል። ኤች አይ ቪ-1 አይገባም፣ ደወሉንም አይነካም፤ በዘበኛው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። የበረታው ቫይረስ ከዘበኛው ጋር ያልተጣላው ሆነ።

ስለ ሌሎቹ ዘበኞች በአጭሩ። ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ሕዋሳት መታወቂያ የሌለውን ሕዋስ ይገድላሉ። ቫይረሱ ከቲ ሕዋሳት ለመሸሸግ የያዘውን ሕዋስ መታወቂያ ከገጹ ሲያነሣ፣ ለገዳዮቹ ማታለያ የሚሆነውን አንዱን ይተዋል፤ ፓስፖርቱን ደብቆ የመኖሪያ ፈቃዱን ብቻ እንደሚያሳይ ሰው። (በኋላ እንደታወቀው ብዙ የቫይረሱ ዓይነቶች ያንንም ይቀንሱታል፤ ጨዋታው አላበቃም።) አንጀትን የሚጠግኑ ሌሎች አብረውን የሚወለዱ ሊምፎይድ ሕዋሳት ደግሞ አሉ። ደርባን አጠገብ በኡምላዚ፣ ወጣት ሴቶች በሳምንት ሁለት ጊዜ ከጣታቸው ደም እየሰጡ ቫይረሱ በገባ በቀናት ውስጥ የሚታወቅበት ጥናት አለ። እዚያ የሚዞረው ቫይረስ ሲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የኢትዮጵያም ዋነኛው ይኸው ነው። በ2016 ከዚያ የወጣው ውጤት እነዚህ ሊምፎይድ ሕዋሳት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከደም እንደሚጠፉና እንደማይመለሱ፣ ቫይረሱ ጣራ ሳይነካ መድኃኒት የጀመሩት ግን እንደሚተርፉላቸው አሳየ።

የአንጀት ነገር ከተነሣ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቁ እልቂት የሚካሄደው በደም ውስጥ ሳይሆን እዚያ ነው። አብዛኛው ሲዲ 4 ሕዋስ የሚኖረው በአንጀት ግድግዳ ሲሆን፣ ያ ሲረግፍ ግድግዳው ያፈሳል። በ2006 እንደታየው የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ይገባል፤ ዘበኞቹ ያንን አይተው ሌት ተቀን ይጮኻሉ። ደወሉ ለምን እንደማይዘጋ ከሚያስረዱት ምክንያቶች ትልቁ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሀገር ቤት። በ1994 የኢትዮ-ኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በዚያው «ፓስተር» በምንለው ግቢ ተቋቋመ። የአቃቂ የፋይበር ፋብሪካና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ለዓመታት ደማቸውን እየሰጡ ተባበሩ። ስለእነዚህ ሠራተኞች ውለታ በሀገራችን ሲነገር አልሰማሁም፤ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ውስጥ ግን በቁጥር ተጽፈው አሉ። በ1999 ጸሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጽሑፍ ቫይረሱ የሌለባቸውን ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከጤነኛ ሆላንዳውያን ጋር አወዳደረ። የእኛዎቹ ገና ያልተነኩ ቲ ሕዋሳት አነስተኛ፣ ነቅተው የቆሙት ግን ብዙ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1995፣ እስራኤል ውስጥ ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቹ አዲስ የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን መርምረው፣ የአፍሪካን ኤድስ የሚያባብሰው ይህ የቆየ ንቃት ነው፣ ለንቃቱም የአንጀት ትላትል ትልቅ ድርሻ አለው ሲሉ ጽፈው ነበር።

ልብ በሉ፤ «ጤነኛ» በተባሉት ሰዎች ላይ ነው። ወስፋትና መንጠቆ ትል የሞላበት ሆድ፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚመላለስ ተቅማጥ፣ ንጹሕ ያልሆነ ውኃ፤ እነዚህ ሁሉ ዘበኛውን እንቅልፍ ነስተው አሳድገውታል። ነቅቶ የቆመ ሲዲ 4 ሕዋስ ደግሞ ለኤች አይ ቪ የሚስማማው ዓይነት ነው። በ2002 ዳዊት ወልዳይና ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸውን ሰዎች ከትል ሲያክሙ፣ ትሉ የጠፋላቸው ሰዎች የቫይረስ መጠን ትሉ ካልለቀቃቸው አንጻር ቀነሰ። ተስፋው ትልቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር በ2012 የታተመው ሰፊ የኬንያ ሙከራ ግን፣ ሁሉንም በጅምላ የትል መድኃኒት መስጠት የበሽታውን ግስጋሴ እንዳላዘገየ አሳይቷል። ከዚያ ደግሞ በ2016 የሙኒክ ተመራማሪዎች ከታንዛኒያዋ ምቤያ፣ ዝሆኔ የሚያመጣው ትል በደማቸው ያለባቸው ሰዎች በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳተሙ። ይህ ትል በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ጋምቤላን ጨምሮ፣ ይገኛል (በደጋው በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣው ዝሆኔ ሌላ ነው፤ ትል የለበትም)። እንግዲህ ትል ሁሉ አንድ አይደለም፣ ጊዜውም አንድ አይደለም፤ ከመያዝ በፊት የሚሠራና ከተያዙ በኋላ የሚሠራ ይለያያል። የውኃና የመጸዳጃ ጉዳይ የኤድስ ጉዳይም ነው ብሎ ለመከራከር ግን በቂ ይመስለኛል።

አሁን የእናታችንን ጥያቄ ልመልስ። ወታደር ማብዛት ተሞክሯል፤ ያውም በእንክብል ሳይሆን በእውነተኛ መድኃኒት። ኢንተርሉኪን-2 የሲዲ 4 ሕዋሳትን ቁጥር የሚጨምር ንጥረ ነገር ነው። ኤስፕሪትና ሲልካት በተባሉ ሁለት ሙከራዎች ከ5,800 በላይ ሰዎች ተሳትፈው ውጤቱ በ2009 ታተመ። ቁጥሩ ጨመረ። በሽታውም ሞቱም አልቀነሰም። በ2007 የተቋረጠው ስቴፕ የተባለ የክትባት ሙከራ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ክትባቱን ካገኙት መካከል ያልተገረዙና ክትባቱ የተጫነበትን የጉንፋን ቫይረስ ቀድመው ያወቁ ወንዶች ካልተከተቡት ይልቅ ተያዙ። የተማረ፣ የታጠቀ፣ ግን በተሳሳተ ቦታና ሰዓት የተሰለፈ ሠራዊት።

በሌላ በኩል የሠሩትን ተመልከቱ። አንድ ሰው ከተጋለጠ በ72 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ጀምሮ ለ28 ቀናት ቢወስድ ቫይረሱ ሥር እንዳይሰድ ማድረግ ይቻላል፤ በተቻለ ፍጥነት፣ በሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ችኮላው ለምን እንደሆነ በ2014 በዝንጀሮ ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ቫይረሱ በደም ሳይታይ፣ ሕክምና የተጀመረላቸው እንስሳት እንኳ መድኃኒቱ ሲቆም ቫይረሱ ተመልሶባቸዋል። መደበቂያው ያን ያህል ቀድሞ ይሠራል። የቫይረሱን ቅርፊት የሚያጠቃው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጋው ሌናካፓቪር ደግሞ በ2024 በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከተወጉት 2,134 ሴቶች አንዷም እንዳልተያዘች ታይቷል። ይህ መርፌ ዘበኛውን አያጠናክርም፤ ሌባው ላይ ብቻ ይሠራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ሰው ከአደጋው በኋላ በሳምንቱ ተመርምሮ «ነጻ ነኝ» ብሎ ሲመለስ፣ የተመረመረው ገና ያልጮኸውን ውሻ ነው። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ጣራ ነክቶ እጅግ ተላላፊ የሚሆንበት ሳምንት ግን እየመጣበት ነው። እዚህ አውሮፓ ቫይረሱን ራሱን በቀጥታ የሚፈልግ ምርመራ በቀላሉ ይገኛል፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን መጠየቁ ያሳፍራል። ወሬው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብለው ሦስት ወር የሚጠብቁ፣ ከዚያም ጨርሰው የሚተዉ ሰዎች አውቃለሁ።

እኚያን እናት ባለፈው ፋሲካ አገኘኋቸው። እንክብሉ አልተላከም። ልጁ መድኃኒቱን ሳያዛንፍ እየወሰደ ነው፤ በመጨረሻው ምርመራ ቫይረሱ በመሣሪያ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሷል። ሊያገባ ነው። «ወታደሩስ በዛለት?» አሉኝ እየሳቁ። ጥቂት ጨምሯል፣ ዋናው ግን ጩኸቱ ጋብ ማለቱ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «እኔ ደግሞ ለሰርጉ የምልከውን ልንገርህ» ብለው ሌላ ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ።